አርባ ሰከንድ

ልጄ ግራሳ ከሊዝበን መጣች፣ በባቡር፣ በእሁድ ማለዳ፣
አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር ከቦርሳዋ ጓዳ።
ጣሪያው ላይ የቆመውን አንቴና፣
የዓሣ አጽም የመሰለውን፣
ሠላሳ ክረምት ንፋስ ባጎበጠው ቁጥር
በመጥረጊያ እንጨት ያቃናሁትን፣
«ጡረታ ይውጣ» አለች።
እኔንም በጎን አየች።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከአቧራው መሐል፣ ያችን ጥቁር ጣት ሰካች።
ኢሜይል፣ ዋይፋይ፣ የይለፍ ቃል፣ ደግሞ ሌላ የይለፍ ቃል፤
«የማትረሳው ይሁን» ብትለኝ፣ የሟች ሚስቴን ስም በሪሞት
ፊደል በፊደል ለቀምኩት፣ ዶሮ እንደሚለቅም እህል።

ከዚያማ ዓለም ጎረፈ፦
የብራዚል ቅዳሴ፣ የጃፓን የአየር ጠባይ፣
ቀኑን ሙሉ ቢላ የሚያሻሽጥ ሰውዬ፣ ላቡ ከግንባሩ ሳይለይ።
ስድስት መቶ ጣቢያ። እኔ የምሻው አንዱን፣
የሴቱባልን ልጆች፣ የሠፈሬን ቡድን።
«እሱም አለ፣ አባባ፤ ቀጥታ ነው፣ ተመልከት።»
ከጥጉ ቀይ ነጥብ፤ ከሥሯ «ቀጥታ» የሚል ጽሕፈት።

ቀጥታን እኔ አውቃለሁ። አርባ ዓመት መንጠቆ ጥያለሁ
ሳዶ ወንዝ ከባሕር በሚገጥምበት ዳር፤
ቀጥታ ማለት ክር፣
አንዱ ጫፍ ጣትህ ላይ፣ አንዱ ከዓሣው ከንፈር።
ሲነክስ፣ ነከሰ።
ሌላ ወሬ የለ።

ጨዋታው ተጀመረ። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ።
ኳሷ መሐል ሜዳ ቆማለች፤ አማካያችን የጫማውን ክር ያስራል፤
ከታች፣ ከሊዮኒልዴ ቤት፣
«ጎ—ል!»
ወለሌን ሰንጥቆ ወጣ።
(ሊዮኒልዴ አንቴናዋን አልነቀለች፤ የሚነቅልላት ልጅ የላት።)
ልጁ ክሩን አሰረ። ተነሣ። ኳሷን ወደ ቀኝ ላካት።
አርባ ሰከንድ ቆጠርኩ።
ገባች።
አልጮኽኩም፤ የቀዘቀዘ ሾርባ ማን እፍ ይላል?

ግራሳን በስልክ ብጠይቃት፣
«ምስሉ ሩቅ ዞሮ ነው፣ አባባ፤ በባሕር ሥር ገመድ፣
ተቆራርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ አንድ መጋዘን ገብቶ እስኪወጣ…»
ሜዳው ከቤቴ ሁለት መታጠፊያ ነው፤
መስኮት ብከፍት መብራቱ ፊቴ ላይ ያርፋል።
ጎሌ ግን ዕድሜዬን ባጠመድኩበት ባሕር ሥር፣
ከዓሦቹ በታች ያልፋል።

ሴትዮዋ ነቢይ ሆነችብኝ ሁለት ዓመት ሙሉ።
በፍጹም ቅጣት ምት ዝም ካለች፣ ሳተ።
«ውይ!» ካለች፣ ምሰሶ።
የዳኛውን እናት ካነሣች፣ ካርድ።
አንድ ቀን ደረጃው ላይ፣ ሰርዲን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትወጣ፣
«በእመቤታችን፣ ቀስ ብለሽ ደስ ይበልሽ» አልኳት።
ሳቀች። ምን እንዳልኳት አልገባትም።

በጥር ማዕበል የሷም አንቴና ከጣሪያው ወደቀ።
የወንድሟ ልጅ ርካሽ ጣት ገዝቶ እንደሰካላት
እኔ በምን ልወቀው?
ቅዳሜ። የማዕዘን ምት፤ ኳሷ በአየር፤ ግንባር፤ ገባች!
ወለሉ ጸጥ።
ሞታ ይሆን?
ሪሞቱን ጥዬ፣ ባንድ እግር ጫማ፣ አሥራ አራት ደረጃ፣
በሯ ላይ ደርሼ እጄን ሳነሣ፣
«ጎ—ል!» አለች ከውስጥ፣ ሳህን እየጣለች።
ለካ የሷ ጣት ከኔዋም በሃያ ሰከንድ ትዘገያለች።
አላንኳኳሁም።
ባንድ እግር ጫማዬ፣ ተረከዜን አንሥቼ፣ ተመለስኩ።

አሁን ጎል ሲገባ
ትራስ አፌ ላይ አደርጋለሁ፣
እንባ እስኪመጣኝ፣ እግሬን ከወለሉ አንሥቼ፣
እቆጥራለሁ።
አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።
ከታች ስትፈነዳ
ትራሱን ወርውሬ እከተላለሁ።

ትናንት ደረጃው ላይ፦
«አቢሊዮ፣ መጮኽ ጀመርክ» አለችኝ።
«ያችን ጣት ለመድኳት» አልኩ።