ደብዛ

ጃንጥላዬን ተክዬ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
አራዳ እጽፋለሁ፣ ገጹን በሃያ ብር።
ጥሩወርቅ መጣች ከአዘዞ፣ ከነልጇ፣
የባሏ ጉርድ ፎቶ ላብ አርሶት በእጇ።
«መተማ ለሰሊጥ እንደወረደ ቀረ፤
ደብዛው ጠፋ በልልኝ።»
                    ብዕሬ ጀመረ።

ልጅቱ ግን አንገቷን በትከሻዬ አሻግራ፣
«ደብዛ ምንድን ነው?» አለች፣ ጣቷ ከፊደሉ ጋራ።

ዝም።
ሠላሳ ዓመት ጻፍኩት፤ መልኩን ግን አላየሁት፣
ከ«ጠፋ» ተነጥሎ መንገድ ላይ አላገኘሁት።
«ደብዛው መጣ» የሚል ሰው የለም በጎንደር፤
አሮጌው ቃል ዕድሜ ያገኘው በመጥፋት ነበር።

«ደብዛው» ብዬ ቀሪውን ክፍት ተውኩት፤ ሰጠኋት።
ሬጅስትራሩ በቀይ፦ «ግስ ጎድሏል» ብሎ መለሳት።