የጉድለት ሰዓት

በጓዳዬ በር ጀርባ፣ በአንዲት የዛገች ሚስማር
ሁለት ወረቀት ይሰቀላል፤ የሐኪም ቤትና የባሕር።
አንዱ፣ ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚጎድል ይነግረኛል፤
አንዱ፣ እኔ በስንት ሰዓት እንድፈተሽ ያዘኛል።

ዶሲንዳ እባላለሁ። በጋሊሲያ ጠረፍ፣ ጭቃ ላይ ጎብጬ የኖርኩ
ዛጎል ለቃሚ ነኝ፤ ባሕር ሲሞላ ያረፍኩ፣ ሲጎድል የለቀምኩ።
"ከጉድለት የሚበላ ሰው ጉድለት አያስፈራው" ብዬ
እተርት ነበር ያኔ፣ ጉድለት ሳይመጣ ከላዬ።

የመጨረሻው ጨረር ቀን ደወል አስደወሉኝ፤
ነርሶቹ አጨበጨቡ፣ "ጨረስሽ!" ብለው አቀፉኝ።
ጎረቤት ኬክ አመጣ። ካህኑ ስሜን ከጸሎት ዝርዝር ሰረዘ።
ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ዝምታው ቤቱን ያዘ።

ከደወሉ ወዲያ ላለው ለዚህ ዘመን
ስም የለውም ሰፈሩ፤ ሕመም አይሉት፣ ጤና አይሆን።
ካርዴ ላይ ግን "ክትትል" ይላል።
ማን ማንን ይከታተላል?
እኔ ነኝ እሱን? እሱ ነው እኔን?
ሌሊት ዞር ብዬ አያለሁ። ማንም የለም። አማሮ ያንኮራፋል።

ማታ ማታ አንዲት ነጭ ክኒን፣ ከምስር የማትበልጥ፤
አራት ዓመት ሞላት፣ ጉልበቴን እንደ አሮጌ ጀልባ ስታሰኝ ሲጥ ሲጥ።
በጥር መስኮት እከፍታለሁ፣ እሳቱ ከውስጤ ሲነሳ፤
አማሮ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ይስባል፣ አንዲት ቃል ሳያነሳ።
ይህኛው ዝምታ ሌላ ነው።
ይህንን እወደዋለሁ።

ብሬይሾ የሚሉት ልጅ ክንዴን በሜትር ይለካል፤
አንጓዬን፣ ክርኔን፣ ከክርኔ በላይ፤ ይጽፋል፣ ይሰርዛል።
"ሁለት ሳንቲ ሜትር አብጧል" አለ፤ "ከባድ ነገር አታንሺ።"
"ባልዲው ሃያ ኪሎ ነው፤ ነገ አንተ ተሸከምልኝና፣ ልበልህ እሺ።"
ሳቀ። ደንግጦ ነው የሳቀው።
እጅጌ ሰጠኝ፣ ጥብቅ የሚል፤ ቀለሙ የቆዳ ነው ይላሉ፤
የማን ቆዳ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ኦብዱሊያ ምንም አልጠየቀችም። በማግስቱ የባልዲዬን ግማሹን
ወደ ራሷ ገልብጣ መንገድ ጀመረች፣ እያማች ምራቷን።
ሚዛኑ ጋ ስንደርስ መለሰችልኝ፤
አንዲት ሳታጎድል ቆጥራ።

አምና ኅዳር ላይ ጉድለቱና ቀጠሮው ባንድ ሰዓት ዋሉ፤
ባሕሩን መረጥኩ። (ሐኪሞች ይህን ሲሰሙ ቅንድባቸውን ይሰቅላሉ።)
ከሰዓት በኋላ ኡሺያ ደወለች፣ ነርሷ፤
"ዶሲንዳ፣ ቀረሽ" አለች። ቁጣ የለ፣ ስብከት የለ ከእሷ።
"የባሕሩን ሰሌዳሽን ላኪልኝ" አለች፣ "የዓመቱን፤
በሙላት ሰዓት እቀጥርሻለሁ፤ አንቺ ያዢ ጉድለቱን።"

ዘንድሮ በሙላት ሄድኩ። ማሽኑ እንደ የካቲት ውሃ ይበርዳል፤
የቀረችኝን፣ ቀኟን፣ በሁለት መስታወት መካከል ይጫናል።
"ትንፋሽ ያዢ" አለች ልጅቷ።
ያዝኩ።
አሥራ አንድ ቀን ሳልለቅ ያዝኩ።

ከዚያ ሐኪሟ፦ "አንዲት ነጥብ አለች፤ አራት ሚሊ ሜትር።
ምንም ላትሆን ትችላለች። ትንሽ ናት፤ አሁን አትነገር።
ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ።"

መለኪያ እኔም አለኝ፤ ወገቤ ላይ በሲባጎ የታሰረች
የብረት ቀለበት፤ ከእሷ ያነሰች ዛጎል የተከለከለች።
"ገና ነሽ፣ ሂጂ እደጊ" እያልኩ አሸዋው ውስጥ የመለስኩት፣
ስንቷ ናት ትንሽዬ፣ በዚህ እጄ ለሌላ ጉድለት ያቆየሁት!
ለሐኪሟ ይህን አልነገርኳትም።

ኡሺያ ካርዱን ሰጠችኝ፤ የግንቦት ነው፣ ሙላት በአራት ሰዓት፤
ከጎኑ በእስክሪብቶ ትንሽ ማዕበል ሥላበት።
ሚስማሯ ላይ ሰቀልኩት። ነገ ውሃው በንጋት ይጎድላል።
ኦብዱሊያ በአንድ ሰዓት ተኩል ታንኳኳለች፤
ምራቷን ገና አልጨረሰችም።