የሳተው ሾፌር

ካርታዬን ዘረጋሁ በጠረጴዛዋ ላይ፤
አንዱን ጥግ በጫማ፣ አንዱን በድንጋይ፣
ሦስተኛውን በባትሪ፣ አራተኛውን በጣሳ ሻይ
ጠፍሬ፣
ከሆቭድ ጀምሬ
በእርሳስ ወረድኩኝ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፤
ጣቴ ከከተማው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲርቅ
ሻዩ ገና አልበረደም።

አከራዬ ዱላምሱረን ናት። በጭነት መኪና
ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ አመላልሳ፣ ጉልበቷ ዛለና
ለመንገደኛ አልጋ ታከራያለች።
"እስቲ ዕቅድህን ንገረኝ" አለች።

ነገርኳት። አራት ጀሪካን ቤንዚን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፤
ሩዝ፣ ጨውና ሽንኩርት፣ የሚያሻግር በረሃ፤
ትርፍ ጎማ፣ አካፋ፣ ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ፤
ስድስት ቀን፣ ቢበዛ ሰባት፤ በቀን መቶ ኪሎ።
የየሌሊቱን ማደሪያ አንድ በአንድ አሳየኋት፤
ካርታው ላይ ስም ያለውን ሁሉ፣ ሰው ያለበት መስሎኝ ቆጠርኩላት።

እርሳሴን ከጣቴ መዛ ወሰደችው።
"ይኸን ጉድጓድ" አለች፣ ነጥቡን ሰረዘችው፣
"ተወው፤ አምና ግመል ገብቶ ሞተበት።
ቀጣዩ ውሃ አለው፤ ፍየል ይጠጣዋል፣ አንተ እጅህን ታጠብበት።
ይህ ወንዝ በካርታህ እንደ ፀጉር ቀጥኗል፤
በሐምሌ ስትደርስ መኪና ይበላል።
በቀን መቶ ኪሎ አልከኝ፤ እኛ የምንቆጥረው ጭስ ነው፤
አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ዜሮ ነው።
ይኸ ቀይ መስመርህም መንገድ አልነበረ፤
አንድ የሳተ ሾፌር በዚያ በኩል ዞረ፣
ሌላው ዱካውን አምኖ ተከተለው፤ መንገድ ሆኖ ቀረ።"

"ይኸስ?" አልኩ። ከባዶው ወረቀት መሐል
በጥቁር ፊደል ተጽፏል፦ ጃምባል።
"ከተማ ነው? ነዳጅ ይገኝበታል?"
ሳቀች፤ እስክትስል።

"ጃምባል ሰው ነው እንጂ ከተማ መች ሆነና!
ድንኳኑን እዚያ ተክሎ ሳለ፣ ካርታ ሠሪዎች መጡና
'ምን ይባላል?' አሉት። ስፍራውን ነበር የጠየቁት፤
እሱ ስሙን ተናገረ፤ እነሱ ስፍራ ብለው ጻፉት።"
"አሁንስ የት ይገኛል?"
"ፍየሎቹን ጠይቅ። ሣር ባለበት ይውላል።"

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፦

"ስትደርስ የምታገኘው ክብ ነው፤ ሣሩ የገረጣ፣
የሱፍ ድንኳኑ ያረፈበት። ሞተርህን አጥፋና ውጣ።
በክቡ ላይ እንዳትነዳ፤ ቤት ነው።
በሩ በደቡብ ነበር፤ በደቡብ ገብተህ ተቀመጥ፣ ዳቦህን ብላ፤
ከዚያ የኩበቱን አመድ በመዳፍህ ዳስሰው። ከሞቀ፣ ከኮረብታው ኋላ
ታገኘዋለህ። ከቀዘቀዘ፣ የጋሪውን ዱካ ተከተል፤
ጭስ ስታይ ደግሞ፣ ከመውረድህ በፊት፣ 'ውሻህን ያዝ!' በል።
ውሻ ባይኖረውም በል፤ እኛ አገር በር የሚንኳኳው እንዲያ ነው።"

ከትራሷ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ መነጽር አወጣች።
"ስጠው፤ ለማንበቢያ ነው። ቃል ከገባሁለት ሁለት ዓመት አለፈ" አለች።
"አብረሽኝ ብትሄጂስ?"
"ጉልበቴ" ብላኝ ወደ መስኮቱ ዞረች።
ውጪው ጨልሟል፤ የሚታይ አንዳች የለም፤
እሷ ግን ብዙ ቆየች።

ሌሊት ብቻዬን ሆኜ ዕቅዴን ደግሜ ጻፍኩት፤
የቀኖቹን ዝርዝር እንዳለ ፋቅኩት።
ከቤንዚኑ በላይ፣ ከውሃውም በላይ፣ "መነጽር፣ አንድ" አልኩ።
ከዚያ ቀዩን መስመር በጣቴ ተከተልኩ፦

ቀጥ ብሎ ይመጣል እንደ ተወጠረ ገመድ፣
መቶ ኪሎ፣ ሁለት መቶ፣ ቀኝም ግራም ሳይሄድ፤
ከዚያ፣ ተራራ ሳይኖር፣ ወንዝ ሳይገታው፣ ረግረግ ሳይዘው፣
ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤
ይዞራል ወደ ጃምባል።