ሰባት ቤት በአንድ ካሴት

ዐሥራ አንዱ ተቀርጿል፣ አንድ ዘፈን ቀርቷል፤
አሳታሚው በስልክ «ምነው ጃል!» ይለኛል።
ከሸዋ በር ወዲህ፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣
ስቱዲዮ ያልናት ክፍል አለች ፎቁ ላይ፤
የእንቁላል ካርቶን ለብሳ ዝናብ ታዳምጣለች፣
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ቀረጻ ታቆማለች።
ደሴ ናት እንግዲህ፤
ጦሳ የጫነውን እስኪያራግፍ ድረስ
የቤዙን ክር ነክቼ እጄን ልመልስ፣
ደግሞ ልነካካ፣ ደግሞ ልመልስ።

«ለሽፋኑ ጀርባ ስለራስህ ጻፍ» አለኝ፣
«ሙያው ከማን መጣ? ዘርህን ቁጠርና አሳጥረህ ላክልኝ።»
ሰባት ቤት ለመቁጠር ስንት ቀለም ይፈጃል?
ብዬ ብዕር ያዝኩ፤ ሁለት ስም ላይ ይነጥፋል።
ሽፋው፣
የሽፋው እንድሪስ፣
የእንድሪስ…
ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ባዶ፣
ጉም እንደዋጠው፣ እንደ ክረምት ገራዶ።

የዘር ሐረጌን ፍለጋ ሐረጎን ወረድኩት፣
በየጠመዝማዛው አንድ አባት ቆጠርኩበት፤
በመጀመሪያው ሽፋው፣ በሁለተኛው እንድሪስ፣
በሦስተኛው ጉም፣
በአራተኛው ጉም፣ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ።
ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ደንገጥ አልኩ፤
ከማን እንደምወርድ እኔ መች አወቅኩ?

የኮምቦልቻ ሙቀት ጃኬቴን አስወለቀ።
አጎቴ አራጋው ጥያቄዬን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
ጨርቃ ጨርቁ ጆሮውን ሠላሳ ዓመት ስለበላ
ይጮኻል ሲያወራ፤ ሰማ ጎረቤቱ፣ ሰማ ሌላ፦
«ሙያ ትላለህ? ከኛ ቤት ማን ዘፍኖ ያውቃል?
አንተስ ከየት መጣህ? እኛንም ይገርመናል።
የአባባ አባት እንደሁ ስሙ ሁለት ነው፤
ለመውሊድ ይማም ነው፣
ለሚካኤል ዝክር ወልደ ሚካኤል ነው።
የትኛው እንደቀደመ ማንም አልጠየቀም፣
ከሱ በላይ ያለውን ከእቴቴ ተዋቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።
ደግነቱ በቴፕ አስቆጥሬያታለሁ፤
ቆይ፣ አመጣዋለሁ።»

ከአልጋው ሥር የብስኩት ጣሳ ጎትቶ አወጣ፤
ከደረሰኝ፣ ከፊውዝ፣ ከቁልፍ መሀል አንድ ካሴት መጣ።
«ሙዚቃዬ፣ ቁጥር 1።»
ያ ጎባጣ «ሙ» የኔ ነው።
ያ ቀይ እስክሪብቶ የኔ ነው።
ዐሥራ አንድ ዓመቴ፣ ክራሬ የዘይት ቆርቆሮ፤
አጎቴ እንዳይጠፋ ብሎ የካሴቱን ጥርስ ሰብሮ
አስቀምጦት ነበር። እኔ ወረቀት ወተፍኩበት፣
በእቴቴ ድምፅ ላይ ድምፄን ደረብኩበት።
የመጀመሪያ አልበሜን እንዲህ ነው ያወጣሁ፣
አባቶቼን አጥፍቼ።
አጎቴ ያውቅ ይሆን? ቀና ብሎ አላየኝም።

የላላውን ክር በእርሳስ ጠምዝዘን አጫወትነው፤
ያ ቀጭን ድምፄ ባቲን ሞክሮ ሲስት፣ ዝም ብለን ሰማነው።
ጠቅ።
ሳል።
ከዚያ ከክሩ ጫፍ፣ እጄ ሳይደርስበት የቀረ፣
የአንዲት አሮጊት ድምፅ፣ እንደተቀመጠ ነበረ፦
«…በቃ አሁን አጥፋው፣ ድንጋዩ ያልቃል።
የቀረውን ነገ።»
ካሴቱ አለቀ።

«ነገስ?» አልኩት፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ።
«ነገማ» አለኝ አጎቴ፣ «የቴፕ ድንጋይ ከሱቅ ጠፋ።»
ሌላ ነገር አልጨመረም።
ካሴቱን ወደ ጣሳው ሊመልስ ሲል ግን
እጁ ቆመና፣ ለኔ ሰጠኝ።

ማታ ደሴ ገባሁ፤ ዝናቡ አባርቷል።
ለሽፋኑ ጀርባ ይህን ጽፌ ላክሁ፦
ሽፋው፣ እንድሪስ፣
ይማም ወይም ወልደ ሚካኤል፣
የቀረውን ነገ።

«ምንድነው ይኼ?» አለ አሳታሚው፤ «ተቋረጠ እንዴ?»
«ዐሥራ ሁለተኛው ነው» አልኩት።
ማይኩን ከፈትኩት፣ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤
ይሄኔ ከታች ጎማ ጠጋኙ
መዶሻውን አነሣ።