ከጠረጴዛው ማዶ

ኤርሲራ፥ ስሚኝማ፤ ቢላሽን አታቁሚ፤
ተቆጣጣሪው እያየን ነው፤ እየፈለቀቅሽ ስሚ።
ባለፈው ሰሞን እንኳ ባልዲውን ታቅፈሽ፣
የዛጎሉ እንፋሎት አንጀትሽን ገልብጦ ግድግዳ ተደግፈሽ፤
ዛሬ ግን ዳቦሽን በሁለት ጉርሻ ውጠሽ፣
የእኔን ደግሞ ይኸው በዓይንሽ ገምጠሽ።
ማንም አልነገረኝም፤ በጣቴ ቆጥሬ
አሥራ አራት ሳምንት አልኩ፤ ስሳሳት አላውቅም ከድሮ እስከ ዛሬ።

የአዋላጇ ወረቀት የዘለለውን ልንገርሽ፤
ማስመለሱ ሲተውሽ ሌላ ሌላው እንዳይቸግርሽ።
ጥርስሽን ስትቦርሺ ድድሽ ይደማል፤
አፍንጫሽ ይታፈናል፤ ስታንኮራፊ ጎረቤት ይሰማል፤
አትደንግጪ፤ ደምሽ ነው ለሁለት ሊበቃ የበዛ፣
እንደ ሐምሌ ማዕበል ከዳርቻው የወዛ።
ከአልጋሽ ስትነሺ ጎንሽን በስለት ውግት ያደርግሻል፤
"ሞትኩ!" ብለሽ ስትጮሂ ኤሊሴዮ ጫማውን አዛንቆ ይሮጣል፤
ጅማትሽ ነው እኮ፤ ውኃው ሲሞላ የጀልባ ገመድም እንዲሁ ያቃስታል።

ሱሪሽ እምቢ ሲልሽ ቁልፉን በላስቲክ ታስሪያለሽ፤
ላስቲክ ከየት አልሽኝ? ከማሸጊያው ክፍል ነዋ! ሁላችንም ሰርቀናል፤ አንቺም ትሰርቂያለሽ።

አምሮቱም አለ ደግሞ። ሁለተኛዋን አርግዤ
ባሕሩ ላይ የቆመውን የቤታችንን ምሰሶ ልሼዋለሁ፣ አቅፌ ይዤ።
ጨው ጨው ይል ነበር። ለሰው አውርተሽ ዋ!

ሰው ምንም አያይልሽም፤ "ድንች አብዝታ ነው" ከማለት አያልፍም፤
ነፍሰ ጡር አትመስዪም፤ ያቺ የድሮዋም አይደለሽም።
ባሕሩ ሸሽቶ ሲያበቃ፣ ገና ሳይመለስ፣
ጀልባው ሁሉ መዞሪያው ጠፍቶት አፍንጫው ሲዋልል ነፋስ እስኪነፍስ፣
እንደዚያ ነሽ አሁን።

ሐሙስ ዳልካዌ ስትሄጂ አዋላጇ ኦርፌሊና
ቀዝቃዛ ቅባቷን ሆድሽ ላይ ትቀባና
መሣሪያውን ትጭናለች። መጀመሪያ ጭርታ። ቆይ።
የገዛ ደምሽ ጉርምርምታ። አሁንም ቆይ።
ከዚያ ጭጋግ ውስጥ፣ ከወዲያኛው ደሴት፣
ሞተሩ የተጣደፈ ጀልባ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ገና ያላወቅሽበት።

ሲንቀሳቀስ? ገና ነው። ሦስት ሳምንት፣ ምናልባት አራት።
"ቢራቢሮ" ይሉሻል፤ ቢራቢሮ ውጦ ያውቃል ማናቸው፣ በምሳ ወይ በእራት?
እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ባልዲ ውስጥ ተረስቶ
አንድ ዛጎል በሌሊት አፉን ገርበብ ከፍቶ
አንዲት አረፋ ይለቃል። አንዲት።
የሆድ መነፋት ነው ብለሽ ታልፊያታለሽ፤ በማግስቱ ግን
እጅሽን አጣጥፈሽ ትጠብቂያለሽ፣ ያቺኑ አንዲት።

ይህን አልነግራትም ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁ።
ሦስተኛዬ እዚሁ ሳምንት ላይ ቆመ። ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ሥራ መጣሁ።
"ከአሥራ ሁለት ወዲያ ይጸናል" ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ባብዛኛው፤
"ባብዛኛው" ከምትባል ቃል ጋር ነው እኔ ስንት ሌሊት የተኛሁ።
ከፈራሽ ፈርተሽ ሥሪ፤ ፍርሃት እጅ አያስርም፤
ከድድሽ ሳይሆን ከታች ደም ብታዪ ግን ወዲያው ጩሂ፤ የፈረቃ ደወል አይጠበቅም።

ተይው ያንን ሣጥን! ሠላሳ ኪሎ ነው፤ የእኔ ነው።
ለተቆጣጣሪው? ምንም አላውቅም፤ እስክትናገሪ ድረስ ምስጢሩ የአንቺው ነው።
ብቻ ቀና በይና ጠረጴዛውን እስከ ጫፍ እዪ፤
ሮስሚራን፣ ደሊያን፣ ጎንበስ ብለው ዝም ያሉትን ዘጠኙንም። "ማንም አላወቀም" እንዳትዪ፤
ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዷ በጓንቷ ውስጥ
ላስቲክ ይዛ ነው የምትመጣው።

ሰማያዊውን ምረጪ። አይበጠስም።