ጨለማ ለማኝ

ባሕር የሌለው ሀገር፣ የባሕር ኤሊ ሐኪም፤
እናቴ ይህን ሰምታ ሳቋን አልቻለችም።
«ጅማ ላይ ማዕበል የለ፣ መርከብ የለ፣ ወደብ የለ፤
ማንን ልታክሚ ነው? ማን ልጄን አታለለ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በጅቡቲ ጠረፍ፣
አሸዋ ላይ አደርኩ፣ ጉድጓድ ሲነቃነቅ፣ ጫጩት ሲሰለፍ።
መዳፍ የማትሞላ፣ እናቷን የማታውቅ፣
አንዲት ምክር ብቻ ከእንቁላሏ ይዛ የምትዘልቅ፦
«ወደሚያበራው ሂጂ፣ ባሕር ነው የሚያበራው።»
ምክሩ አርጅቶ አያውቅም፤ ሆቴሉ ነው ያዛባው።
ጀርባዋን ለውሃ ሰጥታ፣ ፊቷን ለአምፖል አዙራ፣
አስፋልት ላይ ስትዳክር፣ በባልዲ ስለቅም፣ ስንቱ ሌሊት ነጋ በተራ።

ኮንትራቱ አለቀና ተመለስኩ ወደ ጅማ፣
ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ጉማሬ ከቄጠማው ሥር ወደሚያገሳበት ጨለማ።
ጨለማው ግን አልጠበቀኝም። አርባ ምሰሶ ተተክሏል፤
በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ መብራት ተሰቅሏል፣
የጥርስ ሐኪም ክፍል የመሰለ፣ ይሉኝታ የሌለው ነጭ፣
ከሰማይ ኮከብ የሚለቅም፣ ከውሃው ላይ ጨረቃ የሚፈጭ።

የመጀመሪያው ዝናብ አባርቶ፣ አፈሩ እንደ ረጠበ፣
አሸን ፈላ። ለአንድ ምሽት ሰርግ በተውሶ ክንፍ የተዋበ
ያ ሁሉ ሙሽራ፣ ሙሽሪትን ትቶ አምፖል አገባ፤
ሲዞር፣ ሲዞር፣ እስኪረግፍ፣ እንደ ጥቅምት አበባ።
እንቁራሪቱም የድግሱን ወሬ ሰምቶ ከቄጠማው ወጣ፣
አስፋልቱ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። የሰርቦ ሚኒባስ መጣ።

አላቆመም።

ጠዋት በመጥረጊያ ሰብስቤ ቆጠርኩ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣
በአንድ ምሰሶ ሥር፣ በአንዲት ሌሊት፤
የእሳት ራቱን ሳልቆጥር። የእሳት ራት! ይህን ስም ያወጣው
ማን ነበር? እሳት ራቱን ሲበላ አይቶ፣ በስሙ ላይ ጽፎ ያስቀመጠው?
ማዘጋጃ ቤት ግን ስም አያነብም፤ ማመልከቻ ነው የሚያነበው።

ጻፍኩ። አቶ ሙዘይን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፦
«ሰው ሃያ ዓመት ብርሃን ሲለምን፣ አንቺ ጨለማ ትለምኚኝ?»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የእናቴ ሳቅ ትዝ አለኝ።

ከኋላዬ ወረፋ የያዘችው ሴት አልሳቀችም፤
ሩማና ትባላለች፣ የጡብ ሠራተኛ፣ ከማታ ፈረቃ በእግሯ የምትመለስ ሁሌም።
«እህቴ፣ ይህ መብራት ሳይኖር፣ እዚያ ቄጠማ ዳር፣ አንድ ቀን ማታ…»
አለችና ተወችው። ሻሿን አንገቷ ላይ አጠበቀች ላፍታ።
እኔም ሴት ነኝ። እኔም ቁልፌን በጣቶቼ መሀል ጨብጬ
ጨለማ አቋርጫለሁ፣ ከኋላዬ ኮቴ እያዳመጥኩ፣ ሮጬ።

ስለዚህ ይጥፋ አላልኩም። ለሩማና እግር ይብራ፣
ሰማዩ ግን ምን አደረገ? አሸኑስ ምን ሠራ?
ከሂርማታ ገበያ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዤ ስወጣ፣
ተማም፣ የመብራት ኃይሉ፣ በእረፍት ቀኑ መሰላል ተሸክሞ መጣ፤
ቆርቆሮውን ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ሠራለት ባርኔጣ፤
ነጩን አምፖል በቢጫ ለወጠው።
ብርሃኑም ጎንበስ አለ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

አንድ ምሰሶ። ሠላሳ ዘጠኙ እንዳለ ነው።
በነጋታው ጠረግኩ፦ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝም ሞት ነው።
ሩማና ከሥሩ ቆማ የጫማዋን ክር አሰረች፣
ምንም አላለች፣ አለፈች።

ትናንት መብራት ሄደ። ከተማው በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።
እኔ ቦዬ ዳር ነበርኩ፤ ጨለማው ጠቆረ፣ ሰፋ፣ ቀስ እያለ
ኮከቡን አንድ በአንድ መለሰ፤
እንቁራሪቱም አስፋልቱን ትቶ ወደ ቄጠማው ገሰገሰ፣
የሺህ ጉሮሮ ጩኸት። ውሃው ብቻ አበራ፤
ያቺ የመዳፍ ልክ ምክር፣ ለሩብ ሰዓት፣ እዚህ ባሕር በሌለበት፣ ሠራ።

ከዚያ ልጆች ከየቤቱ «መጣ!» ብለው ጮኹ፤
ሠላሳ ዘጠኙ ዐይናቸውን ከፈቱ።
እውነቱን ልናገር? ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር፤ ደስ አለኝ እኔም።
መጥረጊያዬን አነሣሁ። ገና አልነጋም።