ነጭ ጭስ

ኅዳር ነው፤ ጠባሴ በውርጭ ነጭ ለብሷል፤
የጋራዤ ቁልፍ ከጣቴ ተጣብቋል።
ፒካፗ ግቢው ውስጥ እንደቆመች አድራ
መስታወቷ ላይ ረግቷል ውርጩ እንደ ዓይን ሞራ።

ሸዋቀና ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቶ
«አሁን ስማት» ቢለኝ ኮፈኗን ከፍቶ
እምቢ አልኩት፤ የሞቀ ሞተር ምስክር አይሆንም፤
ሲምል ያምርበታል፣ እውነት አይናገርም።
«ትደር» አልኩት፤ «ትደር፤ ውርጭ ይመርምራት፤
የሆዷን ታወጣለች ስንቀሰቅሳት ጧት።»

ሃያ ስድስት ዓመት ጭስ ሳነብ ኖሬያለሁ፤
ጥቁርና ሰማያዊውን ከሩቅ አውቃለሁ፦
አንዱ አየር አጥሮት ናፍጣ የጠገበ፣
አንዱ ፋሻው አልቆ ዘይት የሰለበ።
ነጩ ነው አስቸጋሪው፤ ነጩ ሁለት ልብ ነው፤
ስንቱን ደህና ሞተር በከንቱ አስወረደው!
ውኃ ከሆነማ፣ በቴስታታው ያለፈ፣
ሽታው ይጣፍጣል፤ ሞቆም አላረፈ።
ጥሬ ናፍጣ ከሆነ ግን፣ ሳይነድ የወጣ፣
ዓይን ይለበልባል፤ ይጠፋል ሙቀት ሲመጣ።

ያስተማሩኝ ሰው፣ ጋሽ ይፍሩ፣ መሣሪያ አልነበራቸውም፤
አፍንጫቸውን ያህል ግን ያመኑት ነገር የለም።
«ጭስ የሞተር ቃል ነው» ይሉ ነበር እየሳሉ፤
«አድምጥ እንጂ አትፍረድ፤ ያለ ጥፋት የተፈቱ ስንት አሉ።»

«በል አዙር» አልኩት። መብራቷ በራ፤ ጠፋ።
ሞተሪኖው አቃሰተ፣ እንደ ሰው ተከፋ።
በሦስተኛው ተነሣች፤ ተነሣች አይባል፣
እንዳነከሰች በቅሎ መላ አካሏ ይናጣል።
ግቢው ነጭ ሆነ። የጎረቤት ዶሮ ጠፋኝ፤
አጥሩም፣ ሸዋቀናም። ጉሮሮዬን ከነከነኝ።

ነጭ መሐረቤን ጭስ ማውጫው ላይ ይዤ
አሸተትኩት ቆሜ፣ ለአፍታ ተክዤ፦
ናፍጣ ነው። ጥሬ።
ጣቴን በምራቅ አርሼ ብረቱን ነካካሁ፣
ከአራቱም ቤቶች ደጅ መልስ ጠበቅሁ፦
አንደኛው ቺስ። ሁለተኛው ቺስ።
ሦስተኛው ዝም።
አራተኛው ቺስ።

አራት ደቂቃ ያህል። ጭሱ ሳሳ፣ ሄደ።
ሦስተኛውም ሞቆ ከጓዶቹ ነደደ።
«አንዲት ማሞቂያ ካንዴላ ናት፤ የጠቦት ዋጋ አትሞላም፤
ሞተሯ ደህና ነው፤ ጣርማ በር አይከብዳትም።»

ደስ ይለዋል ብዬ ቀና ብል፣ ፊቱ
ከውርጩ ባሰብኝ። ከካፖርቱ
ሦስት ሺህ ብር አውጥቶ ኮፈኗ ላይ አኖረ፤
«‹ቴስታታው ተሰንጥቋል› ብለህ ጻፍልኝ» ሲል ጀመረ፤
«የሟች ወንድሜ ናት። ግማሿ የሚስቱ፣ የፋንታነሽ ነው።
ፋንታዋን በቁርጥራጭ ዋጋ ትልቀቅልኝ፤ ምን ልታደርገው?»

አልዋሽም፦ ብሩን አየሁት። የቤት ኪራይ አለብኝ፤
ለጭስ ማን ይመሰክራል? ነፋስ ነው የሚወስድልኝ።
ብዕር አነሣሁ። ቀኑን ጻፍኩ። ሰሌዳዋን ጻፍኩ።
ከዚያ መሐረቡ ከኪሴ ሸተተኝ፤ ቆምኩ።

ወረቀቱን ሳይዝ ወጣ፣ በሩን አላትሞ፤
ሞቃለችና ጭስ የላት፤ ስትምል ታምራለች ደግሞ።

ከቀትር በኋላ የመሐል ሜዳውን አውቶቡስ ጠብቄ
ለረዳቱ ሰጠሁት፣ በነጩ መሐረብ ቋጥሬ፣ አጥብቄ፦
አንዲት አዲስ ካንዴላ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት።
«ለወይዘሮ ፋንታነሽ። የሞተችው ሦስተኛዋ ናት።
ሌላው ሁሉ በሕይወት አለ።
ሳትሞቅ፣ በጧት ይስሟት።»